ምስክሩ ማን ነው? ስለ ሥርዓተ ትምህርት ትርጉም የቀረበ ታሪካዊ ጥናት

መግቢያ

ሥርዓተ ትምህርት ማለት ምን ማለት ነው ተብሎ አንድ ተማሪ ቢጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ የትምህርት ዓይነቶችን ስም መቍጠር ነው፤ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ እያለ ይዘረዝራል። መምህር ቢጠየቅም፣ በዚህ ክፍል ይህን ምዕራፍ፣ በዚያ ክፍል ያን ምዕራፍ አስተምሮ መጨረስ ነው ይል ይሆናል። ሁለቱም መልሶች ሐሰት አይደሉም፤ ነገር ግን ጎደሎ ናቸው። የድንጋይና የእንጨት ክምር ቤት እንዳልሆነ ሁሉ፣ የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝርም ብቻውን ሥርዓተ ትምህርት አይደለም።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው ሥርዓተ ትምህርት በሦስት ነገሮች የቆመ መሆኑን ነው። አንደኛው ዓላማ ነው፤ ይኸውም ትምህርቱ ምን ዓይነት ሰው ለማውጣት ታስቧል የሚለው ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ተራ ነው፤ ይኸውም የቱ ይቀድማል፣ የቱ ይከተላል፣ ስለ ምንስ ይከተላል የሚለው ነው። ሦስተኛው ምስክር ነው፤ ይኸውም ተማሪው ዐወቀ ብሎ የሚመሰክርለት ማን ነው፣ በምንስ መዝኖ ነው የሚለው ነው። ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት ብዙ ይነገራል፤ ሦስተኛው ግን እንደ መጨረሻ ጉዳይ ተቈጥሮ ወደ ኋላ ይተዋል። የአገራችንን የትምህርት ታሪክ ስንመረምር ያገኘነው ግን ተቃራኒውን ነው። ምስክሩ የሚመጣው በመጨረሻ ቢሆንም፣ ዓላማውንም ተራውንም ከወዲያ ማዶ ሆኖ የሚወስነው እርሱ ነው። ይህን ለማሳየት ከቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተነሥተን እስከ ዘመናችን እንወርዳለን። በአውሮፓ አቆጣጠር ነው ካላልን በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቃሉ

ካሪኩለም የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን መሠረቱ መሮጥ ማለት ነው፤ ሩጫን፣ ደግሞም ሠረገላ የሚሮጥበትን ሜዳ ያመለክታል። ለትምህርት ተሰጥቶ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች መዛግብት የሚገኘው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1582 በሆላንድ አገር በላይደን፣ በ1633 ደግሞ በስኮትላንድ በግላስጎው ነው። በዚያን ጊዜ የተፈለገበት ትርጉም አንድ የትምህርት ዓይነት ሳይሆን፣ ተማሪው ከገባበት ቀን አንሥቶ እስኪመረቅ ድረስ የሚሮጠው መላው መንገድ ነበር። ሩጫ መነሻና መድረሻ አለው፤ በመድረሻውም ላይ ቆሞ የሚያይ ዳኛ አለ።

የእኛ ቃል ሌላ ሥዕል ያሳያል። ሥርዓት ከግዕዝ የመጣ ቃል ነው፤ ሠርዐ ከሚለው ግሥ ወጥቶ መደንገግን፣ ነገርን በየቦታው ማኖርን ያመለክታል። ሥርዓተ ቅዳሴ ወይም ሥርዓተ መንግሥት ስንል፣ ያለ ቦታው የገባ ነገር መላውን እንደሚያፋልስ እናውቃለን። ስለዚህ የላቲኑ ቃል መሮጥንና መድረስን ሲያስብ፣ የግዕዙ ቃል መደርደርንና መጠበቅን ያስባል። ሁለቱን ሥዕሎች አንድ ላይ የያዘ ሰው ስለ ሥርዓተ ትምህርት ጥሩ መነሻ አግኝቷል ለማለት ይቻላል።

አሜሪካዊው ራልፍ ታይለር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሥርዓተ ትምህርት የሚያዘጋጅ ሰው አራት ጥያቄዎችን እንዲመልስ ይጠይቃል። ዓላማው ምንድር ነው? ወደዚህ ዓላማ የሚያደርሰው ምን ዓይነት ልምምድ ነው? ልምምዱስ እንዴት ይደራጃል? ዓላማው መፈጸሙስ በምን ይታወቃል? ይህ አከፋፈል እስከ ዛሬ የትምህርት ተማሪዎች ሁሉ የሚያጠኑት ነው። እኛ የምንጨምረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ መፈጸሙን ዐውቆ የሚፈርደው ማን ነው?

የቀድሞው ሥርዓት

ኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመክፈቷ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሥርዓተ ትምህርት ነበራት። ይህ ሥርዓት በአንድ ሰነድ ላይ ተጽፎ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ማኅተም ጸድቆ አልወጣም፤ ነገር ግን ከጎጃም እስከ ላስታ፣ ከጎንደር እስከ ሸዋ የሚዘዋወር ተማሪ በየሄደበት የሚያገኘው አካሄዱ ተመሳሳይ የሆነ ትምህርት ነበር።

መነሻው ንባብ ቤት ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያ «ሀ ሁ» ይቈጥራል። ፊደሉን በተራ ቈጥሮ ሲጨርስ ግን ዐወቀ አይባልም፤ «አቡጊዳ» ይከተላል። በአቡጊዳ ያው ፊደል ተራውን ለውጦ ስለሚመጣ፣ በዜማ ብቻ የሸመደደ ልጅ ወዲያው ይታወቃል፤ ፊደሉን በመልኩ የለየ ግን ያልፋል። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር በእኛ አስተያየት ታላቅ የትምህርት ጥበብ ነው። ሁለተኛው ደረጃ የመጀመሪያውን ይመሰክራል፤ ለምስክርነት ሌላ ፈታኝ አላስፈለገም።

ከዚያም ተማሪው ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወደ ወንጌለ ዮሐንስ፣ በመጨረሻም ወደ መዝሙረ ዳዊት ይሸጋገራል። ዳዊትን አንድ ጊዜ አንብቦ አይተወውም፤ ያንኑ ንባብ በውርድ ንባብም በቁም ንባብም እየደጋገመ፣ ቃሉን የት እንደሚያነሣ የት እንደሚጥል ይለምዳል። ዳዊት የደገመ ልጅ በመንደሩ እንደ ተማረ ይቈጠር ነበር፤ ብዙውም ተማሪ እዚህ ላይ ያቆማል።

የሚቀጥለው ግን ቤቱን ትቶ አገር ለቆ ይሄዳል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ ይዞ፣ ቍራሽ እንጀራ እየለመነ፣ ከውሻ እየተከላከለ መምህር ወዳለበት ይጓዛል። ዜማ ቤት የገባው፣ በ6ኛው መቶ ዓመት እንደ ነበረ የሚነገርለትን የቅዱስ ያሬድን ድርሰት፣ ድጓውንና ጾመ ድጓውን፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማ ያጠናል። ቅኔ ቤት የገባው ግሥንና አገባብን ተምሮ ባለ ሁለት ቤት ከሆነው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማና ወደ ሥላሴ እያለ ባለ ስምንት ቤት ወደ ሆነው ወደ መወድስ ይደርሳል። መጻሕፍት ቤት የገባው ደግሞ ከብሉይ፣ ከሐዲስ፣ ከሊቃውንትና ከመነኮሳት ጉባኤ የመረጠውን ይዞ አንድምታውን ከመምህሩ አፍ ይሰማል።

ስለ ቅኔ ቤት ጥቂት ልንቆይ እንወዳለን፤ ለያዝነው ጉዳይ ከሁሉ የሚረዳው እርሱ ነውና። ተማሪው ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ በዛፍ ሥር ወይም በወንዝ ዳር ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ቤቱ የጎደለውን፣ አገባቡ የተፋለሰውን፣ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመውን በዚያው እየነቀፈ ያርማል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ አይቻልም፤ የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ መናገርም አይጠቅምም። ተማሪው ለማለፍ ከዚያ በፊት ያልነበረ ነገር ማምጣት አለበት። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በቃል መሸምደድ ብቻ ነው የሚል ነቀፌታ ዘወትር ይሰማል፤ በንባብና በዜማ በኩል እውነትነት ቢኖረውም፣ ቅኔ ቤትን የሚያውቅ ሰው ግን ነገሩን በጅምላ አይቀበለውም።

ጉባኤ ቃና ያልሆነለት ተማሪ ዘአምላኪየ አይቈጥርም። ስለዚህ ጕድለት ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ተሸሽጎ አይሻገርም። አንዱ በ2 ዓመት የሚጨርሰውን ሌላው በ5 ዓመት ቢጨርስ የሚያፍርበት የለም፤ የተወሰነው ዓመቱ ሳይሆን ችሎታው ነውና።

ከሁሉም በላይ ልብ ልንለው የሚገባው በዚህ ሥርዓት ውስጥ የነበረው የምስክር ነገር ነው። ድጓን የተማረ ሰው መምህር ለመሆን ሲፈልግ በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም የተማረ ወደ ጎንደር በአታ ይሄዳል። እነዚህ ቦታዎች «ምስክር» ይባላሉ፤ በዚያ ያሉ መምህራንም በቃሉ እየሰሙ፣ እያረሙ፣ ከረሙም ከከረመ በኋላ ለማስተማር መብቃቱን ይመሰክሩለታል። እንግዲህ ምስክር ማለት ሰው ነው፤ ተማሪውን ያየው፣ የሰማው፣ ያንንም ሙያ ራሱ የሚያውቅ ሰው ነው።

ይህ የቤተ ክርስቲያን ብቻ አልነበረም። በወሎ እንደ ዳና ባሉ የእስልምና ትምህርት ማእከሎች ደረሳው ቁርኣንን መቅራት ከቻለ በኋላ ወደ ፊቅህ፣ ወደ ነሕው፣ ወደ ተፍሲር ይሄዳል፤ ማስተማርም ሲበቃ ሸኹ ኢጃዛ ይሰጠዋል። ኢጃዛ ማለት ፈቃድ ነው፤ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፍ ምስክርነት ነው። ሁለቱ ሃይማኖቶች በትምህርታቸው ቢለያዩም በዚህ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ።

የቀድሞውን ሥርዓት ስናመሰግን ግን ጕድለቱን መሸሸግ የለብንም። ከጥቂቶች በቀር ሴቶች ልጆች አይገቡበትም ነበር። ባሕረ ሐሳብ ዘመንን ቢያስቈጥርም፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ምሕንድስና፣ ስለ እርሻ ጥበብ የተሰናዳ ጉባኤ አልነበረም። ዓላማው ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ማዘጋጀት ስለ ነበረ፣ መንግሥት ጸሓፊና ዳኛ ከዚያው ቢያገኝም፣ የባቡር ሐዲድና የቴሌግራም ዘመን ሲመጣ አስፈላጊውን ባለሙያ ሁሉ ሊሰጥ አልቻለም። በመንገድ ላይ በረኃብና በበሽታ የቀረው ተማሪም ጥቂት አልነበረም።

ዝርዝሩ ከሥርዓቱ ቀድሞ ሲመጣ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ የፈለጉት ነገር ግልጽ ነበር። ከአድዋ ድል በኋላ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ውል የምትዋዋል፣ ደብዳቤ የምትለዋወጥ አገር ሆናለች፤ ስለዚህ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋት ነበር። በትምህርት ቤቱም ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ዐረብኛ ከአማርኛና ከሒሳብ ጋር ይሰጥ ጀመር። የቤተ ክርስቲያን አለቆች ነገሩን በሥጋት ስላዩት፣ መምህራኑ ከግብጽ ከኮፕት ቤተ ክርስቲያን ልጆች እንዲመጡ ተደረገ፤ በዚህም ተቃውሞው በረደ።

ይህ ስምምነት ለጊዜው ብልህነት ነበር። ነገር ግን ሁለት ትምህርት ቤቶች ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን እንዲኖሩ አደረገ። የቅኔው መምህር ከሒሳቡ መምህር የሚማረው፣ የሒሳቡም መምህር ከቅኔው የሚወስደው አልነበረም። አዲሱ ትምህርት ቤት የትምህርት ዓይነቶችን አመጣ፤ ሥርዓቱን ግን ሌሎች ከሠሩበት አገር ተዋሰ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በችኮላ የተያዘው ነገር ኋላ እየተፈታ ማስቸገሩ አልቀረም።

በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ዋና የማስተማሪያ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለሴቶች ልጆች ተከፈተ፤ ይህም የቀድሞው ሥርዓት ዘግቶት የነበረውን በር የከፈተ በመሆኑ በታሪካችን ከፍ ያለ ስፍራ አለው።

ይህን ሁኔታ አይቶ ጥያቄ ያነሣው በ1923 ዓ.ም. ግድም የትምህርት አማካሪ ሆኖ የመጣው አሜሪካዊው ኧርነስት ዎርክ ነው። በእርሱ አስተያየት በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ትምህርት በባዕድ ቋንቋና በባዕድ መጽሐፍ የተሞላ ስለ ሆነ፣ ለኢትዮጵያ የሚሆን ኢትዮጵያዊ ሊያወጣ አይችልም ነበር። ስለዚህ አማርኛ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን፣ መጻሕፍትም ለአገሩ እንዲዘጋጁ፣ ትምህርቱ 6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 6 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ፣ 4 ዓመት ደግሞ ከፍተኛ ሆኖ እንዲከፈል ዐቅድ አቀረበ። ይህን ያለ የውጭ አገር ሰው መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ዐቅዱ ሥር ሳይሰድ የ1928 ዓ.ም. ጦርነት ደረሰ።

በወረራው ዘመን ጠላት ያደረገው ነገር ሥርዓተ ትምህርት ምን እንደ ሆነ በመጥፎ ምሳሌ ያስረዳል። የኢጣልያ መንግሥት ለኢጣልያውያን ልጆችና እርሱ «ተወላጅ» ለሚላቸው የተለያየ ትምህርት ቤት ደነገገ። ለአገሬው ልጅ የተሰጠው ትንሽ ትምህርት ከታዛዥነት በላይ እንዲያደርሰው አልታሰበም። እዚህ ላይ ዓላማው፣ ተራውም፣ ምስክሩም የአንድ ጌታ ነበሩ። ስለዚህ ሥርዓተ ትምህርት የመምህራን ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው፤ አንድ ሕዝብ ነገ የት ድረስ እንዲሄድ እንደ ተፈቀደለት የሚያሳይ ነገር ነው።

ማትሪክና ሚኒስትሪ

ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ መጻሕፍቱም መምህራኑም አልነበሩም። ከጦርነቱ በፊት ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ በፋሽስቶች እጅ ተገድለዋል። በዚህ ጊዜ የእንግሊዝ ርዳታ ስለ ተገኘ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ስፍራ ያዘ፤ የመማሪያ መጻሕፍቱም በብዛት ከእንግሊዝ አገር መጡ። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ጥቂት ቈይቶም የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከተለ። ከነዚህ የሚወጡ ተማሪዎች ለለንደን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ለሆነው ለማትሪኩሌሽን ፈተና ይቀርቡ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ምስክሩ አገር የለቀቀው። የኮተቤ ልጅ ዐወቀ ወይም አላወቀም ብሎ የሚፈርደው፣ ልጁን አይቶት የማያውቅ፣ በለንደን የተቀመጠ ፈታኝ ሆነ። ይህ ሰው ፍርዱ ትክክል አይደለም ማለታችን አይደለም፤ ፈተናው የታወቀና የተከበረ ስለ ነበረ፣ ያለፉት ልጆች በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች በክብር ገብተው ተምረዋል። ነገር ግን ፈታኙ የሚጠይቀውን መምህሩ ያስተምራል፤ ፈታኙ የማይጠይቀውን፣ አስፈላጊ እንኳ ቢሆን፣ መምህሩም ተማሪውም ይተዉታል። ስለዚህ የለንደን ጥያቄ ወረቀት ሳይታወቅ የኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ሆነ። የመጀመሪያው ይፋ የሆነ ሥርዓተ ትምህርት በ1940 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ስለሚጠየቀው ነገር የሚያዘጋጅ ትምህርት እንደ ነበረ ቀጠለ።

በ1940ዎቹ ዓመታት ኢትዮጵያ የራሷን የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና አቆመች። ሕዝቡ ግን ይህንም ፈተና «ማትሪክ» ብሎ ጠራው፤ እስከ ዛሬም ድረስ ይህ ስም ከብዙ ሰው አፍ አልጠፋም። የለንደን ፈተና ከሄደ ከብዙ ዓመት በኋላ ስሙ መቅረቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የ8ኛውን ክፍል ፈተና ደግሞ «ሚኒስትሪ» አለው። ከዚህ አጠራር የምንማረው ነገር አለ። ተማሪውና ወላጁ ፈተናውን የጠሩት በውስጡ ባለው ትምህርት ስም ሳይሆን በምስክሩ ስም ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ በማን እጅ እንዳለ ሕዝቡ ከሊቃውንቱ ቀድሞ ዐውቆት ነበር ማለት ነው።

የቃል ነገር ካነሣን አንድ ሌላም እንጨምር። ተማሪው ፈተናውን ሲያልፍ የሚሰጠው «የምስክር ወረቀት» ይባላል። ቃሉ ያው የቤተልሔምና የዙር አምባ ቃል ነው። ቀድሞ ምስክሩ ሰው ነበረ፤ አሁን ወረቀት ሆነ።

የተሞከሩ መፍትሔዎች

ይህን ችግር ያየ ሰው አልነበረም ማለት አይቻልም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት ስለ ትምህርት በአዲስ አበባ ተሰብስበው ሲመክሩ፣ የሥርዓተ ትምህርቱ ይዘት ወደ አፍሪካ ሕይወት እንዲመለስ ካሳሰቡት ነገር አንዱ ነበር። በኢትዮጵያም ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፤ ትምህርቱም በ6፣ በ2ና በ4 ዓመት ተከፈለ። ኧርነስት ዎርክ ካሰበው ከፊሉ ከ30 ዓመት በኋላ ተፈጸመ ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ አፋቸውን በሌላ ቋንቋ የፈቱ ሕፃናት አሁንም በቤታቸው በማይነገር ቋንቋ ፊደል ይቈጥሩ ነበር። ሁለተኛው ደረጃም በእንግሊዝኛ ስለ ቀጠለ፣ 7ኛ ክፍል የገባ ልጅ በ1 ክረምት ቋንቋ እንዲለውጥ ተገደደ።

በከፍተኛ ትምህርት በኩል የተደረገው ሙከራ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ያለበት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ፣ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት 1 ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል ተደነገገ፤ ብዙዎቹም በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ይህ ዓመት የዲግሪው ክፍል ሆነ ማለት፣ ለተማሪው ከሚመሰክሩት መካከል የገጠሩ ሕዝብ አንዱ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ተማሪዎች የድኻውን ገበሬ ኑሮ በዓይናቸው ያዩት በዚያ ዓመት ነው፤ ያዩትም ነገር በኋላ ለተነሣው የተማሪዎች እንቅስቃሴ ኃይል ጨመረለት። ምስክሩ ሲለወጥ ትምህርቱም እንደሚለወጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናገኝም።

በ1964 ዓ.ም. የተጠናው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ የተባለው ዐቅድ ግን ሌላ ዕድል ገጠመው። ዐቅዱ ለብዙኃኑ ልጆች 4 ዓመት የሚሆን መሠረታዊ ትምህርት ለመስጠት፣ ይዘቱንም ከእርሻና ከኑሮ ጋር ለማገናኘት ያስባል። በወረቀት ላይ ሲታይ ብዙ መልካም ነገር ነበረበት። መምህራንና ወላጆች ግን ሌላ ነገር አነበቡበት፤ የድኻው ልጅ በ4ኛ ክፍል እንዲቆም፣ የባለ ጠጋው ልጅ ወደ ማትሪክ እንዲሄድ የተዘጋጀ ነው አሉ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከጠየቁት ነገር አንዱ ይህ ዐቅድ እንዲቀር ነበር፤ መንግሥትም አቆመው፤ ነገሩም ከአብዮቱ መነሻዎች አንዱ ሆነ። የዐቅዱ ጸሓፊዎች ዓላማንና ተራን አስበው ነበር፤ ከፍ ወዳለው ትምህርት ለማለፍ የሚመሰክረው ማን እንደ ሆነ፣ ለማንስ እንደሚመሰክር ግን ሕዝቡን አላሳመኑትም።

ከዚያ ወዲህ የመጣውን በአጭሩ እናልፈዋለን። የደርግ መንግሥት በ1971 ዓ.ም. የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ጐልማሶችን ፊደል አስቈጠረ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ፤ በ10ኛ ክፍልም አገር አቀፍ ፈተና አቆመ። ይህ የ10ኛ ክፍል ፈተና በ2012 ዓ.ም. ቀረ፤ አከፋፈሉም ወደ 6፣ 2ና 4 ዓመት ተመለሰ። የልጅ ልጅ የአያቱን ክፍል አገኘ ማለት ነው።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስርቆትን ለመከላከል ሲባል በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ተፈተኑ። ውጤቱ በተነገረ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገሩ ደነገጠ። አንዳንዱ ተማሪውን፣ አንዳንዱ መምህሩን፣ አንዳንዱም ጦርነቱንና ወረርሽኙን ወቀሰ፤ ሁሉም ከፊል እውነት አላቸው። እኛ ግን የምንጠይቀው ይህን ነው፤ 100 ልጆች 12 ዓመት ሙሉ ከክፍል ወደ ክፍል ሲተላለፉ፣ ከነርሱ 97 ያህሉ ያልበቁ መሆናቸውን የመሰከረ በመንገዱ ላይ እንዴት ታጣ? ጉባኤ ቃና ያልሆነለት ተማሪ መወድስ እንዲቈጥር ተደርጎ፣ በመጨረሻው ቀን ወደቅህ ተባለ።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ነጥብ ወደ ቅኔ ቤት እንመለስ የሚል አይደለም። በሚሊዮን የሚቈጠር ተማሪ ያላት አገር ሁሉንም በመምህር ፊት አቁማ በቃል ልትሰማ አትችልም፤ አገር አቀፍ ፈተናም ቢሆን የራሱ በጎነት አለው። የጎፋ ልጅና የአዲስ አበባ ልጅ፣ የሹም ልጅና የድኻ ልጅ በአንድ ወረቀት መመዘናቸው ቀድሞ ያልነበረ ፍትሕ ነው። የቀድሞው መምህር ወዳጁን ሊያደላለት ይችል ነበር፤ ወረቀቱ ግን ማንንም አያውቅም።

ነገር ግን ወረቀቱ ማንንም አለማወቁ ጥቅሙ እንደ ሆነ ሁሉ ጕዳቱም ነው። ስለዚህ ሥርዓተ ትምህርት በተለወጠ ቍጥር፣ የክፍሎቹ አከፋፈል 6 ይሁን ወይስ 8፣ መጽሐፉ አዲስ ይሁን ወይስ አሮጌ ብሎ ከመከራከር አስቀድሞ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል። ዓላማው የማን ነው? ተራው ጕድለትን በጊዜው ይገልጣል ወይስ ይሸሽጋል? ምስክሩስ ተማሪውን ያውቀዋልን? ሦስተኛው ጥያቄ ካልተመለሰ የመጀመሪያዎቹ ሁለት በወረቀት ላይ ይቀራሉ፤ መምህሩ የሚያስተምረው ዞሮ ዞሮ ምስክሩ የሚጠይቀውን ነውና።

እኛ ይህን የምንጽፍ ተማሪዎች ምስክሩ አልፈዋል ብሎ የመሰከረልን ነን። ስለዚህ ስለ ፈተናው ጥሩ ነገር ለመናገር እንቸኩል ይሆናል፤ ያላለፉት ጓደኞቻችን በዚህ መጽሔት ላይ አይጽፉምና። ሕዝባችን «የተማረ ይግደለኝ» እያለ ለተማረ ሰው ያለውን ክብር ይገልጻል። ይህን ያህል እምነት የተጣለበት ሰው፣ መማሩን ማን እንደ መሰከረለት፣ በምንስ እንደ መዘነው ቢጠየቅ ሊመልስ የሚገባው ይመስለናል።